«ቀጭን» ስንት እንግሊዝኛ አለው? ለእንግዶች በራሪ ጽሑፍ የቅጽል እርዳታ

የጣርማ በር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርንና መንዝ ጓሳን ሊጎበኙ ለሚመጡ የውጭ እንግዶች የሚታደል የአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ በራሪ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አማርኛው አልቋል፤ ያስቸገረን ቅጽሉ ነው። መዝገበ ቃላቱ ለአንድ የአማርኛ ቃል ሦስትና አራት እንግሊዝኛ ይደረድርና የቱ የት እንደሚገባ ሳይነግረን ያልፋል።

እስካሁን የጻፍነው ይህ ነው። ረጅም ተራራ፣ ረጅም ዋሻ፣ ረጅም ሣር የሚሉትን ሦስቱንም «ቶል» አልናቸው። ቀጭኑን መንገድ «ቲን»፣ ወፍራሙን ቡና «ቲክ»፣ ከባዱን ንፋስ «ሄቪ» አልን። አንኮበርን «ሂስቶሪካል» ብለን ስንጽፍ አንዱ ባልደረባችን «ሂስቶሪክ» ነው ብሎ ተከራከረን። ደብረ ብርሃን «ኤንሸንት» ሆናለች። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ «ኔቲቭ» ተብለዋል። የማረፊያውን አልጋ «ኮንቪኒየንት» አልነው።

ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የምታውቁ እርዱን። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ብትነግሩን ለሚቀጥለው ራሳችንን እንችላለን።

በሬሳ ማዶ

በርቱ፤ ሳይታተም መጠየቃችሁ ደግ አደረጋችሁ። የመጠን ቅጽሎቹን እኔ ልያዛቸው።

አማርኛ «ረጅም» ሲል የሚያየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ነው፤ ነገሩ ይቁም ይጋደም ግድ የለውም። እንግሊዝኛ ግን መቆም መጋደሙን አስቀድሞ ይጠይቃል። ቆሞ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ነገር፣ ማለትም ሰው፣ ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ፎቅ፣ «ቶል» ነው። የተጋደመ ወይም የተዘረጋ ነገር፣ ማለትም መንገድ፣ ገመድ፣ ጅራት፣ «ሎንግ» ነው። የጣርማ በሩ ዋሻ ጣሊያኖች ተራራውን በስተው ያወጡት፣ ከ500 ሜትር በላይ የሚሄድ ነውና «ሎንግ» በሉት። «ቶል» ካላችሁት አንባቢው ጣራው እላይ የተሰቀለ ዋሻ አድርጎ ያስበዋል።

የጓሳ ሣር ልዩነቱን አጥርቶ ያሳያል። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ «ቶል ግራስ» ነው፤ እንግሊዞች ያልታጨደ ሣርን «ሎንግ ግራስ»ም ይሉታል፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ታጭዶ ለቤት ክዳን ሲታሰር ወይም ገመድ ሊሆን ሲገመድ ግን «ሎንግ» ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ አይቆምማ። የደጋው ተክል ጅብራም ቆሞ «ቶል»፣ ወድቆ «ሎንግ» ይባላል።

ተራራው ሦስተኛ ቃል ይፈልጋል፤ እሱም «ሃይ» ነው። «ሃይ» የነገሩን ቁመና ሳይሆን ከታች ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ይናገራል፦ ደመና፣ ጣራ፣ መደርደሪያ፣ አምባ። «ቶል ዊንዶው» ራሱ መስኮቱ ከላይ እስከ ታች የረዘመ ነው፤ «ሃይ ዊንዶው» ግን ትንሽም ቢሆን ከወለሉ ርቆ እላይ የተከፈተ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ አምባ ስለሆነ «ሃይ ፕላቶ» እንጂ በምንም መንገድ «ቶል ፕላቶ» አይሆንም። ዋጋ፣ ሙቀትና ፍጥነትም ከፍ ሲሉ «ሃይ» ናቸው። አንድ ጥንቃቄ፦ አስጎብኚያችሁ ቁመተ ረጅም ቢሆን «ሂ ኢዝ ሃይ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ያ በእንግሊዝኛ በዕፅ ናውዟል ማለት ነው።

ወደ «ቀጭን» ስንመጣ መፈተኛው እዚሁ አማርኛችን ውስጥ አለ፤ ተቃራኒውን ጠይቁ። ተቃራኒው «ሰፊ» ከሆነ «ናሮው» ነው፣ ተቃራኒው «ወፍራም» ከሆነ «ቲን» ነው። ቀጭን መንገድ ተቃራኒው ሰፊ መንገድ ነውና «ናሮው ሮድ»። ቀጭን ብርድ ልብስ ተቃራኒው ወፍራም ነውና «ቲን ብላንኬት»። ክሩ፣ ዱቄቱ፣ አቧራው ሲደቅ ወይም ሲልም «ፋይን» ይባላል። ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ስሜት ይገባበታል፦ «ስሊም» ያሞግሳል፣ «ቲን» አያሞግስም አይሰድብም፣ ግን አንዳንዴ የታመመ ያስመስላል፣ «ስኪኒ» ለብዙ ሰው ስድብ ነው።

ይህ መፈተኛ የማይሠራው «ጠባብ» ላይ ነው። ጠባብ ሱሪ «ታይት» ነው። ጠባብ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ስሞል» ነው፤ «ናሮው ሩም» ካላችሁ እንደ ኮሪደር የረዘመና ጎኑ የጠበበ ክፍል ይሆናል።

ወፍራም ቡና «ስትሮንግ»፣ ቀጭን ቡና «ዊክ» ነው። ሻይም እንዲሁ። «ቲክ ኮፊ» ያነበበ እንግዳ አጥሚት የመሰለ ነገር ይጠብቃል፤ ፈሳሽ ላይ «ቲክ» የሚለው የሚዝለገለገውን ነውና ለአጥሚቱና ለወጡ አስቀምጡት። ወፍራም ድምፅ «ዲፕ» ነው። የጣርማ በር ጉም «ቲክ»ም «ዴንስ»ም ቢባል ትክክል ነው፤ ጫካም እንዲሁ። ብርድ ልብስ ግን «ቲክ» ብቻ።

የቀረው «ከባድ» ነው። ዝናብ «ሄቪ»፣ ንፋስ «ስትሮንግ»። እኛ ሁለቱንም ከባድ ስለምንል ይምታታል። «ሄቪ» ብዛትን ያያል፦ ዝናብ፣ በረዶ፣ ውርጭ፣ የመኪና መጨናነቅ። «ስትሮንግ» ግፊትንና ኃይልን ያያል፦ ንፋስ፣ የወንዝ ግፊት፣ ሽታ፣ ፀሐይ። «ስትሮንግ ሬይን» የእኛ አገር እንግሊዝኛ ነው፤ ይገባቸዋል፣ ግን አይሉትም። ከባድ ሕመም «ሲርየስ»፣ ከባድ ፈተና «ዲፊከልት»።

አንኮበር አፋፍ

ባልደረባችሁ ልክ ነው፣ አንኮበር «ሂስቶሪክ» ናት። በታሪክ ስሙ የሚነሣ፣ በራሱ ታሪክ የሠራ ቦታ ወይም ቀን «ሂስቶሪክ» ነው። «ሂስቶሪካል» ያለፈውን ዘመን የሚመለከት፣ ስለ ታሪክ የሆነ ማለት ነው፤ ነገሩ ታላቅ ይሁን አይሁን አይናገርም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር «ሂስቶሪክ ታውን» ናት፤ የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ «ሂስቶሪክ ሳይት» ነው። በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ የጻፈው የዕዳ ወረቀት ቢገኝ ግን «ሂስቶሪካል ዶክዩመንት» ነው፤ ምንም ታላቅ ነገር ባይጻፍበትም ስለ ዘመኑ ያስረዳል። ቤተ መዘክር፣ ጥናትና ልቦለድም «ሂስቶሪካል» ናቸው።

ከዚህ ተነሥታችሁ መጨረሻው ላይ «አል» የተጨመረበት ሁሉ በአንድ መንገድ ይለወጣል እንዳትሉ። «ኢኮኖሚክ» ምጣኔ ሀብታዊ ነው፤ «ኢኮኖሚካል» ቆጣቢ ነው። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ «ኢኮኖሚካል ስቶቭ» እንጂ «ኢኮኖሚክ» አይደለም። እነዚህን ጥንድ ጥንዱን መያዝ እንጂ ሌላ መላ የለም።

ደብረ ብርሃንን «ኤንሸንት» ማለታችሁን አውጡት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሯት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ኤንሸንት» የሚባለው እንደ አክሱም ሥልጣኔ ያለው ነው። ታሪክ የሚያውቅ እንግዳ «ኤንሸንት» አንብቦ ሲመጣ ስለ 15ኛው ክፍለ ዘመን ብትነግሩት ሌላውንም ጽሑፋችሁን መጠራጠር ይጀምራል። ለዚያ ዘመን «ሜዲቫል» የሚል ቃል አላቸው፤ ከበዳችሁ «ኦልድ» ይበቃል። ሽማግሌዎችን ስታነሡ «ኦልድ ሜን» ደረቅ ስለሆነ «ኤልደርሊ» ወይም «ኤልደርስ» በሉ። የአገር ሽማግሌ ራሱ «ኤልደር» ነውና በደንብ ይገጥማል። ልባሽ ጨርቅ «ሰከንድ ሃንድ» እንጂ «ኦልድ» አይባል።

ስለ እንስሶቹ። «ኔቲቭ» ውሸት አይደለም፣ ግን ዋናውን ነገር ያስቀርባችኋል። «ኔቲቭ» በተፈጥሮው እዚህ የሚገኝ ነው፤ ሌላ አገርም ሊኖር ይችላል። «ኤንደሚክ» እዚህ ብቻ የሚገኝ፣ ከዚህ ሌላ በተፈጥሮ የትም የሌለ ነው። የአበሻ ጥድ ከእኛ አልፎ በኬንያም በዓረብ ምድርም ስለሚበቅል «ኔቲቭ» ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ስለመጣ «ኢንትሮዲዩስድ» ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ግን «ኤንደሚክ ቱ ኢትዮጵያ» ናቸው። መስተዋድዱን አደራ፣ «ቱ» ነው። «ኢን» የሚገባው ስለ በሽታ ሲነገር ነው፤ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ወባ «ኤንደሚክ» ነው ሲባል ከአካባቢው የማይጠፋ ማለት ነው፣ እዚያ ብቻ የሚገኝ ማለት አይደለም።

ቀይ ቀበሮን ቃል በቃል «ሬድ ፎክስ» ብላችሁት ከሆነ አሁኑኑ አጥፉት። «ሬድ ፎክስ» በአውሮፓ መንደር ዳር የሚዞር ሌላ እንስሳ ነው። የእኛው «ኢትዮፒያን ዎልፍ» ይባላል። እንግዳው አገሩ በየጓሮው የሚያየውን ፍለጋ ጓሳ ድረስ አይመጣም።

ጥቂት መሆኑን ስትገልጹም «ሬር» በሉ። «ስኬርስ» ሰው ፈልጎ ያጣውን፣ ለፍላጎት ያልበቃውን ይናገራል፦ ውሃ፣ ማገዶ፣ መኖ። ቀበሮው «ሬር»፣ በበጋ ውሃው «ስኬርስ»።

ጠባሴ

የማረፊያውንና የማዕዱን እኔ ልጨምር፤ እዚያ ላይ እንግዳ በቀጥታ ይከፋዋል።

«ምቹ» ሁለት ነው። አካል ላይ የሚመች፣ አልጋ፣ ወንበር፣ ጫማ፣ «ኮምፈርተብል» ነው። ለሥራና ለጊዜ የሚመች፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ መንገድ፣ «ኮንቪኒየንት» ነው። ማረፊያው ለአውቶቡስ ተራ ቅርብ ከሆነ «ኮንቪኒየንት»፣ አልጋው «ኮምፈርተብል»። እንግዳን «አር ዩ ኮንቪኒየንት» ብሎ መጠየቅ ደግሞ አይሆንም፤ «ኮንቪኒየንት» ሰውን አይገልጽም።

«ሆምሊ» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ አርቁት። እንግሊዝ አገር «እንደ ቤት የሚሞቅ» ነው፤ አሜሪካ ሲደርስ ግን «መልከ ጥፉ» ይሆናል። «ኮዚ» በሉ፣ ሁለቱም ዘንድ ደግ ነው።

«ትኩስ» ሌላው ወጥመድ ነው። ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ «ፍሬሽ» ነው፤ «ሆት» ካላችሁ ሙቀቱን ብቻ ተናገራችሁ። ትኩስ ሻይ «ሆት»፣ ትኩስ ወተት ዛሬ የታለበ ከሆነ «ፍሬሽ»፣ የፈላ ከሆነ «ሆት»። በርበሬ የበዛበትን ወጥ «ሆት» ብትሉ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ ያቃጥላል ለማለት «ስፓይሲ» ግልጹ ነው። ጥሬ ሥጋ «ሮው»፣ ጥሬ ፍሬ «አንራይፕ»፣ ያልበሰለ ሥጋ «አንደርኩክድ»፦ እኛ ሁሉንም ጥሬ ልንላቸው እንችላለን።

«ንጹሕ»ም ተጠንቀቁበት። ንጹሕ ውሃ «ክሊን»፣ ንጹሕ ሰማይ «ክሊር»፣ ንጹሕ ማር «ፒዩር»፣ የደጋው ንጹሕ አየር «ፍሬሽ»። የመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ስትሸጡ «ክሊን ዉል» ካላችሁ የታጠበ ሱፍ ነው። ሌላ ክር ያልተቀየጠበት ለማለት «ፒዩር ዉል» ነው። ከሱፍ የተሠራው ባና «ዉለን»፣ ሱፍ የለበሰው በግ «ዉሊ»፤ «ዉለን ሺፕ» ቢባል ከሱፍ የተሰፋ የልጅ መጫወቻ ይሆናል። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው ስትሉም «ኮርስ» ነው ቃሉ። ክር፣ ጨርቅ፣ ጨው፣ አሸዋ ቅንጣቱ ወይም ጭረቱ ሲተልቅ «ኮርስ» ይባላል። «ራፍ» ላዩ ላልተስተካከለ ነገር ነው፦ ኮረኮንች መንገድ፣ የገበሬ መዳፍ።

የጣርማ በር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግማሹን ገጽ እንደገና ጻፍነው። ሁለት ነገር ቀረን። የደጋውን አየር «ኮልድ» ብንለው እንግዳ ይሸሻል ብለን «ኩል» አድርገነዋል። ደግሞ የጓሳውን የእግር ጉዞ «ታየርድ» ወይስ «ታየሪንግ» እንበለው? አንዱን ስንይዝ አንዱ ያመልጠናል።

ሰላ ድንጋይ

መጀመሪያ በሬሳ ማዶን አንድ ነገር ላርም። ተራራን «ቶል» የሚሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሉ፤ በተለይ ተራራ ከተራራ ሲያበላልጡ «ቶለስት ማውንቴን» ሲሉ ይሰማል። ስሕተት አይደለም። ለጽሑፍ «ሃይ» የተሻለ መሆኑ ላይ ግን እስማማለሁ፤ ስለ አምባው የተባለውም ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው።

ስለ ብርዱ፦ «ኩል» አታድርጉት። አማርኛችን ይህን ደረጃ በራሱ መንገድ ያወጣዋል። ቀዝቀዝ ያለ «ኩል»፣ ቀዝቃዛ «ኮልድ»፤ ሞቅ ያለ «ዎርም»፣ የሚያቃጥል «ሆት»፤ ለብ ያለ «ሉክዎርም»። ሞቅ ያለ አቀባበልም «ዎርም ዌልካም» ነው። «ኩል» ደስ የሚል ቅዝቃዜ ስለሆነ እንግዳው ስስ ጃኬት ይዞ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። እንግዳው ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ያደረ እንደሆነ «ኩል» ያለውን ወረቀት አያምነውም። «ኩል ባይ ደይ፣ ኮልድ አት ናይት» በሉና ወፍራም ልብስ ይዘው እንዲመጡ ጨምሩ። በሁለቱ መሐል «ቺሊ» አለ፤ ሹራብ የሚያስፈልግ፣ ትንሽ የማይመች ቅዝቃዜ ነው። ሲነገር ከቃሪያው ስም ጋር አንድ ድምፅ ስለሆነ በቃል ስትናገሩ «ዌዘር» የሚለውን አስከትሉለት።

ብርዱ ሲበረታ «ፍሪዚንግ» ይመጣል፤ እሱ ጣራ የነካ ቃል ነውና «ቬሪ» አይቀድመውም። «ቬሪ ኮልድ» ይባላል፣ «ቬሪ ፍሪዚንግ» አይባልም፤ ማጠንከር ካስፈለገ «አብሶሉትሊ ፍሪዚንግ» ነው። «ኢኖርመስ» እና «ኤግዞስትድ»ም እንደዚሁ ናቸው። ሰው ሲበርደው «አይ አም ኮልድ» ይላል። «ሺ ኢዝ ኤ ኮልድ ፐርሰን» ከተባለ ግን ፍቅር የሌላት፣ ፊቷን ለሰው የማትፈታ ሆነች።

ስለ «ታየርድ»ና «ታየሪንግ»፦ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል መሆን ነበረበት፤ ልዩነቱን በቋንቋችን ይዘነዋልና። አድካሚ፣ አሰልቺ፣ አስደናቂ፣ አስፈሪ፦ በ«አ» ወይም በ«አስ» ተነሥተው በ«ኢ» ድምፅ የሚያልቁት ስሜቱን የሚፈጥረውን ይናገራሉ፤ እንግሊዝኛው «ኢንግ» ነው። የደከመው፣ የሰለቸው፣ የተደነቀው፣ የፈራው፦ ስሜቱ የደረሰበት ነው፤ እንግሊዝኛው «ኢድ» ነው። መጀመሪያ በአማርኛ «አድካሚ ነው ወይስ የደከመው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጉዞው አድካሚ ነውና «ታየሪንግ»፣ እንግዳው ደክሞታልና «ታየርድ»። የሚስተው አማርኛውን ዘሎ እንግሊዝኛውን ሲገምት ነው። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ አስጎብኚ «ሰለቸኝ» ሊል ፈልጎ «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብሎ ተገኘ።

አንድ የረሳችሁት አለ፤ «ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል» ብትሉ የቱን ቃል እንደምትመርጡ። «ብቸኛ» ሦስት ነው። አብሮት ማንም ከሌለ «አሎን»፣ ብቸኝነት ከተሰማው «ሎንሊ»፣ ሌላ ቢጤ ከሌለው «ኦንሊ»። ለእናት ለአባቱ ብቸኛ የሆነ ልጅ «ኦንሊ ቻይልድ» ነው፤ «ሎንሊ ቻይልድ» ጓደኛ ያጣ፣ የከፋው ልጅ ነው። ቀበሮው በመንጋ ይኖራል፣ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ግን ለየብቻው ነውና «ሃንትስ አሎን» በሉ። «አሎን» ከስም በፊት አይቆምም፦ «አን አሎን ዎልፍ» የሚባል የለም።

የጣርማ በር ልጅ

ገባን። የባናው ወረቀት ላይ «ነጭ፣ ወፍራም፣ የመንዝ፣ የሱፍ፣ ቆንጆ» የሚሉትን አምስቱን ባንድ ላይ መደርደር እንፈልጋለን። ቅደም ተከተል አላቸው?

ጠባሴ

አላቸው፤ ቢዛባ ይገባል፣ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። አስተያየት ይቀድማል፣ ቀጥሎ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቀለም፣ አገር፣ መጨረሻ ላይ የተሠራበት ነገር። ስለዚህ «ቢዩቲፉል ቲክ ዋይት መንዝ ዉለን ብላንኬት»። አምስት ቅጽል ለአንድ ስም ይበዛበታል፤ «ቢዩቲፉል»ን ብታወጡት የሚጎድል ነገር የለም፣ ገዢው ጨርቁን በእጁ ይዞ ራሱ ያየዋል።